ጀርባቸውን ልሰን፣ ፊታቸውን መትተን

ቅዱስ የመሆን ትርፉ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ዕድሜን በጾም፣ በጸሎትና በስደት መጨረስ ነው። ከሞት በኋላ በስም ቤተ ክርስቲያን ይታነጻል፤ ይኼ ደግ። ገድል ይጻፋል፤ ይኼም ደግ። ከዚያ አንዱ መንግሥት ብድግ ይልና ያን ሁሉ ገድል በአውራ ጣት ጥፍር ልክ አሳንሶ፣ ዳር ዳሩን በስቶ፣ ጀርባውን ሙጫ ቀብቶ በሳንቲም ይሸጠዋል። የገዛው ሰው ምሳውን በበላበት ምላስ ይልሰዋል። በቡጢ ደቁሶ ከፖስታው ጥግ ይለጥፈዋል። ቀጥሎ ባለማኅተሙ ጥቁር ቀለም የጠገበ ብረቱን አንሥቶ ግንባሩ ላይ ያወርድበታል፤ ጧ! በሕይወቱ ሳለ ሰማዕትነት ያመለጠው ቅዱስ ካለ እዚያች ጠረጴዛ ላይ ያገኛታል።

ይህን ስናገር የልጅ ልጆቼ ይስቃሉ። ይሳቁ። ቴምብር ልሶ የማያውቅ ትውልድ ምን ያውቃል! እኔን ግን ቴምብር መሰብሰብ ከጀመርኩ አንሥቶ፣ ያውም ከጉርምስናዬ ነው፣ ይህ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል። ባለቤቴ እንቅልፍ የነሣህ ቡናው ነው ትላለች። እሷ ስለ ቴምብር ምንም አታውቅም።

ነገሩን የጀመርነው እኛ አይደለንም፤ ይኼ ይታወቅልኝ። ፖርቱጋሎች በ1895 እ.ኤ.አ. የሊዝበን ተወላጁን የቅዱስ እንጦንዮስ ዘፓዱዋን 700ኛ የልደት ዓመት ሲያከብሩ ተከታታይ ቴምብር አወጡ። የግብጹን አባ እንጦንስን ማለቴ አይደለም፤ እሳቸው ቀድመው በረሃ ገብተዋል፣ ብልህ አባት ናቸው። የፓዱዋው ግን ሰባኪ ነበር፣ በአንደበቱ የታወቀ። በ1263 እ.ኤ.አ. ቅዱስ ቦናቬንቱራ ባለበት መቃብሩ ሲከፈት ሥጋው አፈር ሆኖ ምላሱ ብቻ ሳይበሰብስ ተገኘ ይላሉ፤ እስከ ዛሬም ፓዱዋ ባለው ቤተ ክርስቲያኑ ተቀምጦ ለምእመናን ይታያል። እንግዲህ ቦናቬንቱራ ያን ምላስ ያመሰገነበትን የላቲን ጸሎት ነው ፖርቱጋሎቹ ከቴምብሩ ጀርባ ያተሙት። ከጀርባው! ሙጫ ከሚቀባበት! ስለ ቡሩክ ምላስ የተነገረ ጸሎት፣ ሽንኩርትና ሰርዲን በበላ ምላስ እየረጠበ አገር ላገር ዞረ። ይህን ያሰበ ሰው ወይ ትልቅ መናኝ ነው፣ ወይ ትልቅ ቀልደኛ። ስፔኖች ደግሞ ደብዳቤያቸው መንገድ እንዳይስት የዚሁን ቅዱስ ስም በምሕፃር ከፖስታው ላይ ይጽፉ ነበር፤ የጠፋ ነገር አስገኚ ነው ተብሎ ይታመናልና። ይኼኛው ይሻላል። ቢያንስ አይላስም።

ማልታዎች የባሰባቸው ናቸው። በ1899 እ.ኤ.አ. የ10 ሽልንጉን ቴምብራቸውን ለቅዱስ ጳውሎስ ሰጡ፤ 10 ሽልንግ የዚያን ጊዜ ቀላል ገንዘብ አይደለም። መልካም። ጳውሎስ የማልታ ባለውለታ ነው፤ የሐዋርያት ሥራን ያነበበ ያውቀዋል። ግን ምን ሲሆን ሣሉት? መርከቡ ሲሰበር! ደሴት ናት እንግዲህ፤ ደብዳቤም ጥቅልም የሚወጣው በመርከብ ነው፣ አውሮፕላን ገና አልተሠራም። ውዱን ዕቃህን ለባሕር ስታስረክብ ከላዩ ላይ የሚሰበር መርከብ ለጥፈህ ነው። እኔ ብሆን ዕቃዬን ታቅፌ ወደ ቤቴ እመለስ ነበር።

መዝገብ ቤት ተቀጥሬ ወጪ ደብዳቤ ላይ በተመደብኩበት ዘመን የገጠመኝ ጭንቀት ግን ከዚህም ይብሳል። ዐቢይ ጾም ገብቷል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ባፌ አይዞርም። ከፊቴ ያለው የደብዳቤ ክምር ደግሞ ምላስ ይጠይቃል። አንዱን ላስኩ፤ ሁለተኛውን ላስኩ፤ በሦስተኛው ላይ ጣፈጠኝ። ደነገጥኩ። በጾም ሰዓት የሚጣፍጥ ነገር ሁሉ ያጠራጥራል። ማታውኑ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ።

«አባ፣ ቴምብር መላስ ጾም ይፈታል?»

«የተቀባው ምንድን ነው?»

«ሙጫ ነው።»

«የምን ሙጫ?»

ይህን እንደሚጠይቁኝ ስለማውቅ አጣርቼ ነው የሄድኩት። የዚያ ዘመን ቴምብር በብዛት የሚቀባው የግራር ሙጫ ነበር፤ ያ ከዛፉ ግንድ እንባ መስሎ የሚወርደው፣ ሱዳን ለዓለም የምትሸጠው፣ ቆላ የወረደ ሰው ሁሉ የሚያውቀው።

«የግራር ነው አሉኝ፣ አባ።»

ጢማቸውን አሻሹ። «ግራርማ ዛፍ ነው፤ ሥጋ የለው፣ ቅቤ የለው። ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ግን በውሃ አርጥበው። ደግሞ ልጄ፣ ምላስህ ቴምብሩ ላይ ባለ ሰዓትስ ደኅና ነው። የእኔ ሥጋት ከቴምብሩ ሲነሣ ነው።»

በማግስቱ ስፖንጅ ገዝቼ በሰሃን ውሃ ነከርኩና ከጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩ። ባልደረቦቼ «ተመጻደቀ» አሉኝ። ሐሜቱን የጀመረው ማን እንደነበር አውቃለሁ፤ ነፍሱን ይማር።

ወደ አገራችን ቴምብር ስመጣ፣ የጥንቶቹ ጨዋ ነበሩ። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ፖስታን ሲያቋቁሙ ቴምብሩን ያሳተሙት ፓሪስ ነው፤ ሥዕሉን የቀረጸው ሙሾን የሚባል ፈረንሳዊ። ከሰባቱ ዓይነት በአራቱ ላይ ያሉት ንጉሡ ራሳቸው ናቸው፣ በሦስቱ ላይ አንበሳ። ቅዱስ የለም። እንደኔ ግምት ይህ የንጉሥ ትሕትና ነው፤ መላስም መመታትም ካለ በእኔ ይሁን፣ ጊዮርጊስን ግን ተዉት ያሉ ይመስለኛል። አገራችን የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ከሆነች በኋላ በ1901 ዓ.ም. ከወጣው በከፊሉ ላይም የሰሎሞን ዙፋን ነው ያለው። ዙፋን ቢመታ አያመውም።

ከዚያ ዘመን ተቀየረ። በ1955 ዓ.ም. ታላላቅ ነገሥታት የሚባል ተከታታይ ወጣ። ኢዛና ከአክሱም ሐውልት ጋር፣ ካሌብ ከመርከቦቹ ጋር፣ ላሊበላ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ጋር። ንግሥናና ቅድስና የተደረበላቸው እንግዲህ ሁለቱንም ይዘው ወደ ምላስ ወረዱ። ዘርአ ያዕቆብን ከነደመራው አደረጉት። ይኩኖ አምላክን ደግሞ ከማን ጋር? ከአቡነ ተክለ ሃይማኖት! ሰባት ዓመት በአንድ እግራቸው ቆመው የጸለዩትን አባት፣ ከደብዳቤ ጥግ ላይ ደግሞ አቆሟቸው። እርሳቸው እንኳ ችግር የለባቸውም፤ መቆም ለምደዋል። እኔ ነኝ ያልቻልኩት።

በ1960 ዓ.ም. የላሊበላ መስቀሎች መጡ። አሁን ይኼን በምን ልታስረዱኝ ነው? መስቀል የሚሳለሙት በከንፈር ነው፣ ከፊት ለፊት። እዚህ ግን ከፊቱ ስመኸው ስታበቃ ገልብጠህ ከኋላው ትልሰዋለህ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ተራቸው ደረሰ። ላሊበላ ያንን ሁሉ ዐለት ያስፈለፈለው፣ ቤተ ጊዮርጊስን ከመሬት በታች ያስወረደው፣ ሰው ከላይ ወደ ታች በጥንቃቄ እየወረደ እንዲሳለም ነው። ቴምብሩን ያየሁበት ፖስታ ላይ ቤተ ጊዮርጊስ ተዘቅዝቆ ነበር የተለጠፈው። ላኪው የራሴ የአክስቴ ልጅ ነው። እስካሁን አላነጋገርኩትም።

ከእነዚህ ሁሉ አንዱን አሳያችኋለሁ። የእኔው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ያሉበት ቴምብር ከአንድ የጎንደር ደብዳቤ ላይ የወጣ ነው። ለብ ባለ ውሃ ነክሬ፣ ሙጫው እስኪለቅ ጠብቄ፣ በጋዜጣ መሐል አድርቄ ያነሣሁት ነው። ወረቀቱ ትንሽ ገርጥቷል፤ ከታች በኩል አንድ ጥርሱ ተሰብሯል። የማኅተሙ ክብ ግን፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ፊታቸውን ሳይነካ ልክ በራሳቸው ዙሪያ አርፎ አክሊለ ብርሃን ሆኗል። በሕይወቴ ማኅተም በትክክል ሲመታ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። የመታውን ልጅ ባገኘው እመርቀው ነበር።

ይህን ቴምብር ይዤ አንድ ነጋዴ ዘንድ ሄድኩ፤ ለመሸጥ አይደለም፣ ለማስቀናት። በመቆንጠጫ አንሥቶ፣ በማጉያ መነጽር አየና ከንፈሩን መጠጠ።

«ተመትቷል፣ ጋሼ።»

«አዎን፣ ተመትቷል! ጎንደር ደርሶ የመጣ ነው።»

«ያልተመታ ቢሆን ጥሩ ያወጣ ነበር። ሙጫው እንዳለ፣ ማንም ያልነካው።»

ሰማችሁ? ሠርቶ የመጣ ረከሰ፣ ተኝቶ የከረመ ከበረ! ደብዳቤ ተሸክመው ተራራ የወጡት አባት ከንቱ ሆነው፣ በፕላስቲክ ተጠቅልለው መሳቢያ ውስጥ የከረሙት «ንጹሕ» ተባሉ። ዓለሙ ሁሉ እንዲህ ነው የሚሄደው። በደመወዝም ያየሁት ይህንኑ ነው።

የዚህ በሽታ ጥጉ የታየው ደግሞ የማንም ሐሳብ የማይደርስበት አገር ነው፤ ባሕረ ሰላጤው ዳር። ዛሬ ልጆቻችን ለሥራ የሚበሩባቸው እነ አጅማን፣ እነ ፉጃይራ፣ እነ ኡም አል ቀይወይን፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ሳይመሠረት በፊት የየራሳቸው ቴምብር ነበራቸው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከውጭ ወኪሎች ጋር ተዋዋሉና በየሳምንቱ በሚባል ደረጃ ቴምብር ይፈበረክ ጀመር። የጠፈር ተጓዥ ነው፣ ኳስ ተጫዋች ነው፣ ውሻና ድመት ነው፤ ከዚያ መሐል የጣሊያን ሠዓሊዎች የሣሏት ድንግል ማርያም ከነልጇ፣ የጌታ ሕይወት ከልደት እስከ ስቅለት። የእስልምና አገር፣ ሕዝቡ በጣት የሚቆጠር፣ ደብዳቤ ጸሐፊው ከዚያም ያነሰ። ለማን ነው? ለአውሮፓና ለአሜሪካ ሕፃናት፣ በእሽግ በእሽግ ለሚሸጥ። ማኅተሙንም አብረው ይመቱበት ነበር፣ ሙጫው ሳይነካ! አስተውሉልኝ፤ ሳይላክ የተመታ ቅዱስ! እንደ ዱር እንስሳ በረሃ አቋርጦ ቢመታ አንድ ነገር ነው፤ ከቤቱ ሳይወጣ ተመትቶ ወደ እሽግ የሚገባ ግን የት አለ? ሰብሳቢዎች ዛሬ እነዚህን ቴምብሮች አይፈልጓቸውም፤ በኪሎ ይሸጣሉ። እኔም አሉኝ። የባለቤቴ ወንድም ከጅዳ ያመጣልኝ ነው፤ የስጦታ ነገር፣ አይጣል።

በስም ብቻ የሚስዮናውያን የሆነም አለ። ሃዋይ በ1851 እ.ኤ.አ. ያወጣቻቸውን የመጀመሪያ ቴምብሮች ዓለም ሁሉ «ሚስዮናውያን» ይላቸዋል። በላያቸው ላይ ግን አንድም ሚስዮናዊ የለም፤ ቁጥርና የጌጥ ሐረግ ብቻ። ስሙን ያገኙት የተረፉት አብዛኞቹ ወንጌል ሊሰብኩ የሄዱ ሰዎች ወደ አገራቸው በላኩት ደብዳቤ ላይ ስለተገኙ ነው። ወረቀታቸው ስስ ስለነበር አብዛኛው ሲነቀል ተቀደደ፤ ባለ 2 ሳንቲሙ ዛሬ በዓለም ላይ ከ20 አይበልጥም፣ ዋጋውም ቤት ያስገዛል። እናት ልጇ ከባሕር ማዶ የጻፈላትን ትታ ጥግ ጥጉን ለሚቀድ ሰው ሰጠች ማለት ነው። እዚያው ሃዋይ፣ ሞሎካይ ደሴት ላይ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን እያስታመመ በዚያው በሽታ የሞተው እውነተኛው ሚስዮናዊ አባ ዳሚያን ደግሞ ቴምብር ያገኘው ከትውልድ አገሩ ከቤልጂየም ነው፣ በ1946 እ.ኤ.አ.። በእሱ ላይ ቀልድ የለኝም። ባለማኅተሙ ግን አይቶ አለፈው? አላለፈውም።

አሜሪካኖች ፈሪዎች ናቸው። ቴምብራችን ዋና ሥራው ሃይማኖት የሆነን ሰው አያከብርም የሚል ደንብ አላቸው። በ2010 እ.ኤ.አ. ማዘር ቴሬሳን ሲያወጡ ሃይማኖት ከመንግሥት ይለይ የሚል ማኅበር ጮኸባቸው፤ እነሱም ያከበርናት ለድኃ ላደረገችው ነው እንጂ ለመነኩሲትነቷ አይደለም አሉ። ነጠላዋን ከነሰማያዊ ጥለቷ ሣሏት፤ መቼም እሱን የለበሰችው ለብርድ ነው አይሉኝም። ለገና ደግሞ ሁለት ዓይነት ያወጣሉ፣ አንዱ ማርያም ያለችበት፣ አንዱ የበረዶ ሰውና ደወል ያለበት፤ እንደ ጾምና የፍስክ ምግብ ለየብቻ። ሜሪላንድ ያለችው ልጄ ለእኔ የማርያሙን ትልካለች፣ ለቤት ኪራዩ የበረዶውን። አሳድጌያታለሁ።

መላስንም አስቀርተዋል። በ1974 እ.ኤ.አ. ለገና ባወጡት ቴምብር፣ ርግብ ያለበት ነው፣ ጀርባው ራሱ የሚጣበቅ አደረጉት። ሙጫው ከወረቀቱ ጋር ተጣልቶ ርግቢቱን ቡናማ አደረጋት፤ ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ተበላሽተው ይታያሉ። እሰይ! ግን አልተማሩም፤ ሙጫውን አሻሽለው ተመለሱበት፣ ዛሬ ቴምብራቸው ከሞላ ጎደል ሁሉ ልጣጩ ተልጦ የሚለጠፍ ሆኗል። እንግዲህ ምላስ የለ፣ ስፖንጅ የለ፣ የንስሐ አባት የሚጠየቅበት ጉዳይ የለ። ለእኔ ብላችሁ ከሆነ አልጠየቅኋችሁም።

ከሁሉም የማከብረው ቫቲካንን ነው። በ1929 እ.ኤ.አ. የራሱን ቴምብር ማውጣት ከጀመረ ወዲህ ቅዱስና ጳጳስ አልቀረውም፣ ሁሉንም አስመትቷል። ነገር ግን ጳጳሱ ሲሞቱ፣ ሌላ እስኪመረጥ ባለችው ጥቂት ቀን፣ የሚያወጡት ቴምብር ላይ የጳጳስ ስም የለም፤ የተጣመሩ ቁልፎችና ከላያቸው የተዘረጋ ጥላ ነው ያለው። ጥላው የእኛን የታቦት ጥላ ያስታውሰኛል። ወግ ማለት ይኼ ነው።

እነዚሁ የሮም ሰዎች ግን አንድ ነገር አጥፍተዋል። በ1951 እ.ኤ.አ. ጳጳሱ ጲዮስ 12ኛ መልአኩ ገብርኤልን የቴሌኮሙኒኬሽን ጠባቂ አድርገው ሾሙት። ለማርያም ያበሠረ ነው ተብሎ፣ መልእክተኛ ስለሆነ። አሁን በየስልኩ የምናየውን መከራ የጀመረው ይኼ ሹመት ሳይሆን አይቀርም።

ስልክ ያልኩት የቴሌግራሙን ነገር ነው። ወር በገባ በአምስት አቦ፣ በሰባት ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፤ ጎሕ ሳይቀድ ስልኬ ይንጫጫል። «እንኳን ለወርኃዊ በዓሉ በሰላም አደረሳችሁ።» ሥዕሉ ያብረቀርቃል፣ ጽጌረዳ ይዘንብበታል፣ አንዳንዱ ይዘምራል። የላከው ሰው አላየውም፤ ከሌላ ተቀብሎ ለሌላ አሳለፈው። ዋጋ አልከፈለበትም፣ አልመረጠውም፣ ስሜን አልጻፈበትም። ባለፈው የልጅ ልጄ ስልኬን ተቀብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«አባባ፣ ስልክዎ ሞልቷል። አዲስ ነገር አልቀበልም ብሏል።»

«በምን ሞላ?»

«በቅዱሳን።»

ይህን ብሎ አንድ ቦታ ጫን አደረገ፣ ሌላ ቦታ ነካ አደረገ።

«ምን አደረግህ?»

«አጠፋኋቸው።»

«ማንን ነው ያጠፋኸው?»

«ተደጋጋሚ ናቸው እኮ፣ አባባ። አንዱ ሚካኤል ብቻውን አርባ ጊዜ አለ።»

ሰማዕታትን ያስፈጀው ንጉሥ ዲዮቅልጥያኖስ እንኳ በአንድ ጣት ይህን ያህል አልጨረሰም! ባዶ በሆነው ቦታ ወዲያው የኳስ ቪዲዮ ጫነበት። የአርሴናል ነው፣ ያውም የተሸነፉበት።

እንግዲህ ፍርዴን ስሙ። ቴምብሩ ይሻል ነበር። ይላሳል፣ ይመታል፣ ይዘቀዘቃል፤ ቢሆንም ቅዱሱን ገዝተህ፣ መርጠህ፣ በእጅህ ይዘህ ነው የምትሰደው፤ የሚደርሰውም ለአንድ ሰው ነው። ስለዚህ የተሸሸጉትን ከየአልበማችሁ አውጡና ሥራ ስጧቸው። በዓል ሲሆን አንድ ደብዳቤ ጻፉ፤ ረጅም አይሁን፣ የእጃችሁ ጽሕፈት ይሁን። ቴምብሩን በውሃ አርጥቡት። ቀጥ አድርጋችሁ ለጥፉት፣ ራሱ ወደ ላይ። እናንተም ባለማኅተሞች፣ ልጆቼ፣ ጥግ ጥጉን ምቱ፤ ከፊት ራቁ፤ ከቻላችሁ እንደዚያ እንደ ጎንደሩ በዙሪያው አሳርፉት። የፖስታ ሣጥኔን የዓመት ኪራይ ከፍያለሁ፣ ቁልፉም በእጄ ነው። ጻፉልኝ።